አባዬ ክረምቱን ሀዋሳ እኔ ጋ ነው፤ የት ላውጣው? ዝናብ ሲሆንስ ስልክ ላይ ምን ላሳየው?

የታቦር ሥር መምህርት — ሐምሌ 2

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት ከረማችሁ?

ሀዋሳ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ፈተና አርመን፣ ካርድ ሰጥተን ጨርሰናል። እስከ መስከረም እረፍት ላይ ነኝ። ዘንድሮ ግን አባዬን ከአዳማ አምጥቼዋለሁ። እማዬ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። እዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን እንዲከርም አልፈለግሁም። "ለሁለት ሳምንት ነው" ብዬ ነው ያመጣሁት። በልቤ ግን ክረምቱን በሙሉ ላቆየው ነው።

አባዬ 74 ዓመቱ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኛን ያሳደገን በኤንትሬ ነው፤ ተሳቢውን ጎትቶ አሰብ እየተመላለሰ። በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ የሞያሌን መስመር ሠራ። በሀዋሳ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ራሱም አያውቀውም። ሐይቁን ግን ቆሞ አይቶት አያውቅም። ይኼን የነገረኝ እዚህ በመጣ በሦስተኛው ቀን ነው። "ጭነት ይዤ የት እቆማለሁ? ሻሸመኔ እበላለሁ፣ ዲላ አድራለሁ" አለኝ። እኔ እዚህ ከተማ ስምንት ዓመት ስኖር አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

አሁን ያ ሰው ሶፋ ላይ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል። ሬዲዮ ይከፍታል። ጫማውን ያስራል። ከዚያ የሚሄድበት የለም። መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚያልፉትን ባጃጆች ይሰማል። "ይኼ ልጅ ፍሪሲዮኑን ይጨርሰዋል" ይላል።

ጉልበቱን ያመዋል። ታቦር ተራራ አይታሰብም። ደረጃም ይከብደዋል። ሜዳ ላይ ግን ቀስ እያለ ግማሽ ሰዓት ይራመዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ዳር አንድ ቦታ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። መግቢያ ከፈልን። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። መቀመጫው ሁሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከተቀመጠ በኋላ መነሳት አቃተው። ከፍ ያለ ወንበር እንዲያመጡልን ሁለት ጊዜ ለመንኩ። አላመጡም። አባዬ ምንም አልተናገረም። ሻዩን ሳይጨርስ "እንሂድ ልጄ" አለኝ። ባጃጅ ውስጥ እንዳያየኝ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

እስቲ እርዱኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቱን ሳይጎዳ የት ላውጣው? ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድስ? ስማርት ስልክ ገዝቼለታለሁ። ቲክቶክ ከፈትኩለት። አምስት ደቂቃ አይቶ "ሰውዬው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ደስ የሚለው ነገር ስልክ ላይ ምን አለ? የመምህር ደሞዝ መሆኑንም አስቡልኝ።


የዓሣ ገበያ ጎረቤት — ሐምሌ 2

እህቴ፣ እናታችንን ነፍስ ይማር። አባባን እንኳን ደህና መጡ በይልኝ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አሞራ ገደል አጠገብ ነው። እሳቸውን መውሰድ ያለብሽ እዚያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን አይሁን፤ ሰው ይበዛል። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይሁን፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድረሱ። አስጋሪዎቹ ከሐይቁ የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ጀልባው ሲጠጋ፣ መረቡ ሲዘረገፍ፣ ቆሮሶው ከአምባዛው ሲለይ ያያሉ። የሚያጸዱት ልጆች ዓሣ የሚገፍፉበት ፍጥነት ራሱ የሚታይ ነገር ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ተሰልፈው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ቁመታቸው የልጅ ያህላል። ሰው አይፈሩም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ወንበር ከማንም አትለምኚ። ከቤት ከፍ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ባጃጁ ላይ ጫኚ። እኔ ለአያቴ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ዛፍ ሥር ታስቀምጫቸዋለሽ፤ የማንም እጅ አታዪም። ዳቦ ወይ ሙዝ ይዘሽ ከሆነ ግን ደብቂው። ጦጣዎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።

ጀልባ ከፈለጋችሁም ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ስትወጡና ስትወርዱ ሁለት ሰው ይያዛቸው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብሱ አትሳፈሩ። ዕድል ካላችሁ ጉማሬ ታያላችሁ፤ ባለጀልባው ልጠጋ ካለ ግን እምቢ በሉት።

ሐምሌ 18 እና 19 ከቤት አትውጡ፣ ንግሥ ካልፈለጉ በቀር። ለገብርኤል ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ባጃጅም አታገኙም። ጿሚ ከሆኑ ደግሞ ዓሣውን ፍልሰታ ሳይገባ ያብሉልኝ። ሾርባውን እንዳትረሺ።


የታቦር ሥር መምህርት — ሐምሌ 3

የወንበሩ ነገር እንዴት ሳይታየኝ ቀረ! እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ከጎረቤት አንድ ተውሻለሁ። አባዬ ፍልሰታን ይጾማል፤ ስለዚህ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጊዜ አለን።


ፒያሳ ሞባይል ጠጋኝ — ሐምሌ 3

እህት፣ ስለ ስልኩ እኔ ልመልስ። እኔ ጋ ልጆች ለወላጆቻቸው ስልክ ያመጣሉ፤ ቲክቶክና ፌስቡክ ጭነንላቸው ይሄዳሉ። ከወር በኋላ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰውዬው ምን ይወድ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንቺ ግን መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። አባትሽ የመንገድ ሰው ናቸው። መንገድ አሳያቸው።

ጉግል ማፕስ ስልኩ ላይ ቀድሞ ተጭኗል። ክፈችው። በስተቀኝ ላይ የተደራረበ ወረቀት የሚመስል ምልክት አለ። እሱን ነክተሽ ሳተላይት የሚለውን ምረጪ። አሁን ካርታው ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ይሆናል። ቤቱ፣ ዛፉ፣ መንገዱ ሁሉ ይታያል። ከአዳማ አስጀምሪያቸውና በጣታቸው ወደ አሰብ ይንዱ። የሞያሌውንም እንዲሁ።

ሁለት ነገር ልብ በይ። ፎቶው ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ተራው ካርታ ብቻ ነው ወርዶ የሚቀመጠው። ስለዚህ ጥቅል ያስፈልግሻል። ጎረቤት ዋይፋይ ካለ በእሱ ተጠቀሚ። ሁለተኛ፣ ከስልኩ ማስተካከያ ገብተሽ ፊደሉን አተልቂው። ቴሌቪዥንሽ ስማርት ከሆነ ደግሞ የስልኩን ምስል ወደ እሱ ማስተላለፍ ይቻላል። ይዘሽው ነይ፤ አሳይሻለሁ፤ አላስከፍልሽም።

ሬዲዮ ይወዳሉ ብለሻል። ሬዲዮ ጋርደን የሚባል አለ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ሆላንድ ውስጥ የተጀመረ ነው። የምድር ሉል ይመጣል፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ተበትኗል። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ከተማ ሬዲዮ ነው። ሉሉን እያሽከረከሩ የፈለጉትን በቀጥታ ያዳምጣሉ። ማንበብ አያስፈልገውም። ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ኢንተርኔትም አይበላም።


ባንክ ቤት ነው የምውለው — ሐምሌ 3

በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባታችን ስልኩን ከመልመዳቸው በፊት ይኼን ንገሪያቸው፤ ማንም ደውሎ "ሽልማት ደርሶዎታል" ቢል ውሸት ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣው ኮድ ለማንም አይነገርም፤ "ከባንክ ነው" ለሚልም ጭምር። በየሳምንቱ አዛውንቶች እያለቀሱ ወደ እኔ መስኮት ይመጣሉ። ብሩ ከወጣ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ ጀርባ እንዳይለጥፉም አደራ።


ከሻሸመኔ — ሐምሌ 4

ለጉልበታቸው ወንዶ ገነት ይሂዱ። ፍልውሃ ነው፣ ከሀዋሳም ቅርብ ነው። ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ትመለሳላችሁ። በሕዝብ መኪና ከመጣችሁ ሻሸመኔ ላይ ትቀይራላችሁ። ዝናብ ከጣለ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል። ምርኩዝ ይያዙ። ደም ግፊት ካለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ውሃው በጣም ነው የሚሞቀው። አካባቢው ጫካ ነው፤ ጉሬዛውና ወፉ ልዩ ነው።

እግረ መንገድሽን አባታችንን ጠይቂልኝ፤ ሻሸመኔ የት ነበር የሚበሉት? የእኔ እናት ለሹፌሮች ምግብ ትሠራ ነበር።


የታቦር ሥር መምህርት — ሐምሌ 16

ይቅርታ ጠፋሁ። ሁሉንም ልንገራችሁ፤ ይረዝማል።

አሞራ ገደል ሦስት ጊዜ ሄድን። የመጀመሪያው ማክሰኞ ወንበሩን ዛፍ ሥር አስቀመጥኩለት። ሩብ ሰዓት አልተቀመጠበትም። ተነስቶ አስጋሪዎቹ ጋ ሄደ። አንዱ ልጅ ገመድ ሲያስር አይቶ "እንደሱ ከሆነ ይፈታብሃል" አለውና ተቀብሎ አሰረለት። ጭነት የሚያስሩበት አስተሳሰር ነው። ልጁ "አባባ፣ ድገሙልኝ" አለው። ደገመለት። በሦስተኛው ቀን ስንሄድ "ሹፌሩ መጡ" ብለው ነው የተቀበሉት።

አንድ ጥያቄ አስጨንቆት ነበር። ውሃው በየት ይወጣል? አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አስረዳው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከላይ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ጨዋማም አይደለም። አባዬ ዝም ብሎ ሐይቁን ሲያይ ቆየ። "የጥቁር ውሃን ድልድይ ስንት ጊዜ ተሻገርኩት። ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን አልጠየቅሁም" አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ ጨረሰ። ከእማዬ ቀብር ወዲህ ሳህን ሲጨርስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወንዶ ገነት ሄደናል። ሐኪሙ የፈቀደለት እግሩን ብቻ እንዲነክር ነው። ነከረ፣ ወደደው። ዝናቡ ቶሎ መጣብን፤ ተመለስን።

አሁን ስለ ካርታው።

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ፒያሳ ያለው ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አሳይቶኝ ነበር። አዳማን ከፈትኩለት። መጀመሪያ አልገባውም። "ይኼ ቤታችን ነው?" አለ። ጣሪያውን አሳየሁት። እማዬ የተከለችው የማንጎ ዛፍ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ክብ ነው። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ መነጽሩን ጠረገና "በል እንሂድ" አለ። እኔን ሳይሆን ረዳቱን የሚያናግር ነበር የሚመስለው።

ወለንጪቲን አለፍን። መተሐራ ስንደርስ አስቆመኝ። የበሰቃ ሐይቅ ነው። "እኔ ሥራ ስጀምር ይኼ ትንሽ ነበር። እየሰፋ መጥቶ መንገዱ ድረስ ደረሰ" አለ። ትዝታ መስሎኝ ነበር። በኋላ ፈልጌ ሳነብ እውነት ነው። ከሃምሳ ስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የአውራ ጎዳናውንና የባቡሩን መስመር እስከማስነሳት ደርሷል። አባዬ ይኼን ሁሉ በመኪና መስኮት ሲከታተል ኖሯል። ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ ስለ ሐይቆቻችን አስተምራለሁ። ይኼን ግን ከእሱ ነው የሰማሁት።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ገዋኔ። ሚሌ። እያንዳንዱ ቦታ ታሪክ አለው። እዚህ ጎማ ፈነዳ። እዚህ የአፋር ሽማግሌ ወተት አጠጣኝ። እዚህ ረዳቴ ትኩሳት ይዞት ሌሊቱን አቅፌው አደርኩ። ሠመራ ስንደርስ ግራ ገባው። "ይኼ ሁሉ ቤት ከየት መጣ? እዚህ ሎግያ ናት ያለችው" አለ። አሁን የክልሉ ዋና ከተማ እንደሆነች ነገርኩት። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ አየው።

ሰርዶን፣ ዲችኦቶን አልፈን ኤሊ ዳር። ከዚያ ማንዳ። ከዚያ ቡሬ። ቡሬ ላይ ጣቱን አነሳ። ካርታው ላይ የድንበር መስመር አለ። እሱ ሲነዳ እዚያ መስመር ያልነበረበት ዘመን ነበር። "ልሻገር?" አለኝ። "ተሻገር አባዬ" አልኩት።

አሰብን ሲያይ ከሶፋው ተነሳ። ጉልበቱን ረስቶ። ቴሌቪዥኑ ሥር ሄዶ በጣቱ አሳየኝ። ይኼ ወደብ ነው፤ ይኼ የጨው ማምረቻው ነው፤ እነዚያ አራት ማዕዘኖች ውሃ የሚተኛባቸው ናቸው። እዚህ ጋ ወረፋ ይዘን አንድ ጊዜ 9 ቀን ጠብቀናል። ሙቀቱ ሌሊት ስለማያስተኛ መኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ካርታ እንጫወት ነበር። የመጨረሻ ጉዞው በ1990 ሚያዝያ ላይ ነው። የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም ነበር። "አንድ ሻይ ቤት ዱቤ አለብኝ። በሚቀጥለው እከፍላለሁ ብዬ ወጣሁ" አለኝ። 27 ዓመት ሙሉ ይኼን ዕዳ ተሸክሞ ኖሯል። ለእማዬም አልነገራትም።

መብራቱ ሲጠፋ ነው ያቆምነው። ጨለማ ውስጥም ወሬው ቀጠለ።

ሬዲዮ ጋርደንንም ለምዷል። ጣሊያንን ነው የሚያዘወትረው። ልጅ ሳለ ናዝሬት አንድ ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያን መካኒክ ጋር ሠርቷል። (አዳማን እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የሚላት።) "ዶማኒ ማለት ነገ ነው" ይለኛል። ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ እነዚህ ሁሉ የእነሱ ቃል መሆናቸውን እየቆጠረ ያስተምረኛል። ጠዋት 11 ሰዓት ሲነሳ አሁን ሉሉን ያሽከረክራል።

የባንኳን እህቴን ምክር ደግሞ ነግሬዋለሁ። ባለፈው "ሽልማት" ብለው ደወሉለት። "ልጄ ትምጣና አናግሯት" ብሎ ዘጋው።

ከሻሸመኔ ላልከው ወንድሜ፤ ጠየቅሁት። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት ጋ እንደነበር ያስታውሳል፤ ቆጮ በጎመን ትሠራ ነበር፣ በአይብ። ስሟን ረስቶታል። ሳቋን ግን ያስታውሳል።

አሁን አዲስ ጥያቄ አለኝ። ከእናንተ መካከል አባቱ የአሰብ ሹፌር የነበረ አለ? አባዬ የድሮ ባልደረቦቹን ስም ይጠራል። ብዙዎቹ ሞተዋል። በሕይወት ያለ አንድ እንኳ ባገኝለት።


ከሻሸመኔ — ሐምሌ 16

እህቴ፣ እናቴ መሆኗን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። መናኸሪያው አጠገብ ቆጮ የምትሠራ እሷ ብቻ አልነበረችም። ሳቋን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ካረፈች 6 ዓመቷ ነው። ዛሬ ለልጆቼ አነበብኩላቸው። በዚህ በኩል ስታልፉ ቤቴ ሳትገቡ እንዳታልፉ። ቆጮው አለ።


የኮምቦልቻ ልጅ — ሐምሌ 20

ገና አሁን ነው ያየሁት። የእኔም አባት የአሰብ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ነድቷል፣ በኋላ ሌላ መኪና። አሁን 78 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮውና ወሬው ግን ደህና ነው። የጻፍሽውን ሳነብለት የወረፋው ጋ ሲደርስ "ውሃ እንኳ የሚገዛበት ወቅት ነበር" ብሎ አቋረጠኝ። ተዋውቀው እንደሆን አላውቅም። በውስጥ መስመር ስልክ ቁጥሩን ልኬልሻለሁ።


የታቦር ሥር መምህርት — ሐምሌ 22

ትናንት ማታ አገናኘናቸው። እስከሚተዋወቁ አስር ደቂቃ ፈጀ። ያንተ አባት የመኪናውን ቀለም ጠየቀው። አባዬ መለሰ። "ሰማያዊው! ባለ ነጭ ሸራው!" የሚል ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ወጣ። ፊት ለፊት ሲተላለፉ መብራት ያበሩ ነበር እንጂ ስም ለስም አይተዋወቁም ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አወሩ። ሻይ ቤቷንም ያውቃታል። ባለቤቷ ስሟ ማን እንደነበር ነገረው። አባዬ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወረቀቱን ከእማዬ ፎቶ ጋር ቦርሳው ውስጥ አድርጎታል።

ወደ አዳማ የመመለስ ነገር ሰሞኑን አላነሳም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዲችኦቶ ሊቀጥሉ ተቀጣጥረዋል። ካርድ ልሞላለት ልወጣ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ብሏል።